ዋለልኝ መኮንን፦ ከስድስት ኪሎ መድረክ እስከ ኅዳር 29

በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲከበር ግቢዎቹ በባህል አልባሳትና በጭፈራ ይደምቃሉ። ዕለቱ የተመረጠው ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በመጽደቁ ነው። ከዚያ ከ22 ዓመት በፊት በዚሁ ዕለት ዋለልኝ መኮንን መገደሉ ግን በበዓሉ መድረክ እምብዛም አይወሳም። ይህ አጭር ጽሑፍ የዋለልኝን ሕይወት ከዩኒቨርሲቲው የንግግር መድረክ ታሪክ ጋር አያይዞ ይመለከታል፤ ላነሣው ጥያቄ መፈተኛ ይሆን ዘንድም የቆቦንና የራያን ቆላ ያቀርባል።

ዋለልኝ የወሎ ተወላጅ ሲሆን ደሴ በሚገኘው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተምሯል። በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስ አጠና። የገባበት ግቢ የመድረክ ልማድ ነበረው። በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች ግጥሞቻቸውን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነብቡ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰማው በዚሁ በዓል ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው መሬት ላራሹ እያለ አደባባይ ወጣ። ከግጥም ወደ ክርክር፣ ከክርክርም ወደ ሰልፍ ያደገው ይህ ልማድ ዋለልኝን አፈራ። እሱም በጽሑፉና በእንቅስቃሴው ምክንያት የእስር ቤትን ደጅ አየ።

ስሙን ያስጠራው ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ለተማሪዎች የቀረበው የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ የተማሪዎች ማኅበር ልሳን በነበረው «ስትራግል» ላይ ታትሟል። ዋለልኝ በዚህ ጽሑፍ ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር እንዳልሆነች፣ የየራሳቸው ቋንቋና ባህል ያላቸው ብሔረሰቦች ስብስብ እንደሆነች ተከራከረ። የአገሪቱ መታወቂያ ተደርጎ የሚቀርበውም የገዢዎቹ ባህል እንደሆነ ገለጸ፤ መፍትሔውንም በትጥቅ ከሚካሄድ አብዮት ጠበቀ። ለዚህ ጥናት ዋነኛው ነጥብ ግን ጸሐፊው በመግቢያው ያሰፈረው ማሳሰቢያ ነው። ዓላማው ውይይት መቀስቀስ እንደሆነ ገልጾ፣ ጽሑፉ ጅምላ ድምዳሜና ያልተሟላ ትንተና ሊገኝበት እንደሚችል ራሱ አምኗል።

ይሁንና ውይይቱ በተጀመረበት ግቢ አልቀጠለም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ጦር ተኮሰ፤ ተማሪዎችም ሞቱ። የማኅበሩ ልሳንና መድረክ ከታገደ በኋላ ክርክሩ ወደ ኅቡእ ክበባትና ወደ ውጭ አገር ተሰደደ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በ1963 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ባካሄደው ጉባኤ የተከፋፈለበት ዐቢይ ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነበር። ዋለልኝ በበኩሉ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከስድስት ጓዶቹ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከረ። የጥበቃ ሠራተኞች ተኩስ ከፍተው እሱንና ማርታ መብራህቱን ጨምሮ ስድስቱን ገደሉ። ዋለልኝ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም።

አሁን ወደ ራያ እንመለስ። ዋለልኝ ተማሪ በነበረበት ዘመን ቆቦና አላማጣ በአንድነት በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የራያና ቆቦ አውራጃ አካል ነበሩ፤ ማይጨው ደግሞ የትግራይ ነበረች። በዚህ ቆላ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ ከዞብል ተራራ ወዲያ የአፋር ምድር ይቀጥላል። በጋብቻና በአምቻ የተሳሰረው ይህ ሕዝብ ራሱን ብዙ ጊዜ ራያ ብሎ ይጠራል። የ1980ዎቹ አከላለል ግን አውራጃውን ለሁለት ከፍሎ ቆቦን ወደ አማራ፣ አላማጣን ወደ ትግራይ ክልል አደረገ፤ የዚህ መዘዝ እስከ ዛሬ ደም አፋሷል። የራያ ሁኔታ የዋለልኝን ጥያቄ ከንቱ አያደርገውም፤ በቋንቋና በባህል እኩል የመታየት ጥያቄ በዚህም ቆላ አለ። ነገር ግን ብሔረሰብን ተለይቶ እንደ ተቀመጠ ነገር የሚቆጥረው የጽሑፉ ክፍል እዚህ ላይ ይቸገራል። ደራሲው ራሱ ያመነው የትንተና ጉድለት በተጨባጭ የሚታየው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ስለዚህ ዋለልኝን የሁሉ ነገር ጥፋተኛ ወይም የሁሉ ነገር ነጻ አውጪ አድርጎ ማቅረብ፣ ለውይይት የቀረበን ረቂቅ እንደ መጨረሻ ፍርድ መቁጠር ይሆናል። ረቂቁን ወደ መፈክርነት ከቀየሩት ምክንያቶች አንዱ መልስ የሚሰጥበት መድረክ በጥይት መዘጋቱ ነው። የኅዳር 29 በዓል በየግቢው ሲከበር ከጭፈራው ጎን ለዚህ ጽሑፍ አንድ የክርክር ሰዓት ቢመደብለት፣ የራያ ተማሪም የአካባቢውን ልምድ ይዞ ቢሞግተው፣ በ1962 ዓ.ም. የተቋረጠው ውይይት በተጀመረበት ስፍራ ይቀጥላል።