ሪቻርድ ሻትልዎርዝና የአሮጌ አውሮፕላን ክፍሎች

የአንድ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ክፍል ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ተመዝዞ ሲወጣ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ የማንነት ጥያቄ ነው። ብረቱ ላይ የተመታው የንድፍ ቁጥር፣ የመርማሪው ማኅተም፣ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳየው የቀስት ምልክት፣ ለሠለጠነ ዓይን ብዙ ይናገራሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም ክፍሉ ማንነቱ ከታወቀ በኋላ በመደርደሪያ ይቀመጥ ወይስ ወደ ሥራው ይመለስ የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦርሞንድ ሻትልዎርዝ በ31 ዓመት ዕድሜው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር።

ሪቻርድ በሐምሌ 1909 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤድፎርድሺር አውራጃ፣ ኦልድ ዋርደን በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። አባቱ ኮሎኔል ፍራንክ ሻትልዎርዝ በ1913 ስለ ሞቱ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ ዶሮቲ ናቸው። የቤተሰቡ ሀብት የመነጨው በሊንከን ከተማ የእንፋሎት ሞተርና የእህል መውቂያ መኪና ይሠራ ከነበረው ክሌይተንና ሻትልዎርዝ ከተባለው ፋብሪካ ነው። ይኸው ፋብሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሶፕዊዝ ካሜል የተባሉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሠርቷል። ልጁ የመኪና ፍቅር ከየት እንደመጣበት መጠየቅ እንግዲህ ብዙ አያስፈልግም።

በፈረሰኛ ክፍለ ጦር ለጥቂት ጊዜ በመኮንንነት ካገለገለ በኋላ፣ በ1932 በ23 ዓመቱ ርስቱን ተረከበ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የገዛው ደ ሃቪላንድ ሞዝ የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ሲሆን፣ ከኦልድ ዋርደን ሳይለይ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። በ1933 በትንሿ ኮምፐር ስዊፍት እስከ ሕንድ ድረስ በረረ። በ1935 ደግሞ በአልፋ ሮሜዮ የመጀመሪያውን የዶኒንግተን ታላቅ የመኪና እሽቅድምድም አሸነፈ። በጥር 1936 በደቡብ አፍሪቃ፣ በኢስት ለንደን ከተማ በተደረገው ውድድር ግን ክፉኛ ተጎድቶ ከሞት ለጥቂት ተረፈ።

የእሽቅድምድሙ ዝና ዛሬ እምብዛም አይታወስም። ስሙን ያቆየው ሰዎች የጣሉትን ማንሣቱ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1920 ከጦርነቱ የተረፉትን ወደ 10,000 የሚጠጉ አውሮፕላኖችና ወደ 30,000 የሚጠጉ ሞተሮች ለአንድ ኩባንያ በጅምላ ሸጠ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እየታደሱ ሲሸጡ፣ የቀሩት ተቆራርጠው ብረታቸው ለማቅለጫ፣ እንጨታቸው ለማገዶ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ በሺህ ይቆጠር ከነበረው ዓይነት አንድ እንኳ ፈልጎ ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ አሮጌ አውሮፕላን ቅርስ ነው የሚል ሰው ጥቂት ሲሆን፣ ሪቻርድ በ1935 ብሌርዮና ደፐርዱሳን የተባሉትን፣ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ሁለት የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ከአንድ የአካባቢው ሰው ገዛ። ያገኛቸው ተሰባብረውና ክፍላቸው ጎድሎ ነው። በራሱ ወርክሾፕ አስጠግኖ ሁለቱንም ለበረራ አበቃቸው።

ከባዱ ፈተና የመጣው በሶፕዊዝ ፓፕ ነው። በ1916 ለውጊያ የተሰለፈው ይህ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ከ1,700 በላይ ቢሠራም ሪቻርድ ሊያገኝ የቻለው ፓፕን ሳይሆን ዳቭን ነበር። ዳቭ ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል ገበያ በፓፕ መሠረት የተሠራ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሲሆን፣ በጠቅላላው የተሠሩት 10 ብቻ ናቸው። ሞተራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ለ ሮን። በዚህ ሞተር ዘንጉ ቆሞ ሲሊንደሮቹ ከነፕሮፔለሩ ስለሚሽከረከሩ፣ የሚቀባው የጉሎ ዘይትም ተመልሶ ሳይሰበሰብ እየተረጨ ስለሚወጣ፣ የአብራሪውን ፊትና ልብስ ያለብሰዋል። ልዩነቱ በመቀመጫውና ጥቂት ወደ ኋላ ባዘነበሉት ክንፎቹ ላይ ነበር። ሪቻርድ ዳቩን ወደ ፓፕ እንዲለወጥ አደረገ።

የዛሬ የሙዚየም ባለሙያ ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም፤ ከፓፕ ይልቅ እጅግ ብርቅ የነበረ እውነተኛ ዕቃ ጠፍቷልና። በሌላ በኩል የጦርነቱን ዘመን ፓፕ በአየር ላይ የሚያሳይ መንገድ በእጁ የነበረው ይህ ብቻ ነበር። ፍርዱ ለሁለቱም ወገን አይመችም፤ ሪቻርድ ግን በበኩሉ ያመነታ አይመስልም። ለእርሱ የማይሠራ ሞተር ጉዳቱ ገና ያልተጠገነ ሞተር እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በእንግሊዝ አየር ኃይል ተመደበ። ነሐሴ 2 ቀን 1940 ሌሊት፣ ፌይሪ ባትል በተባለ አውሮፕላን ለልምምድ ሲበር ተከስክሶ ሞተ። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም።

ወይዘሮ ዶሮቲ አሮጌ አውሮፕላኖቹን ቢሸጧቸው የሚወቅሳቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን በ1944 በልጃቸው ስም የመታሰቢያ ድርጅት አቋቁመው ርስቱን ለእርሻና ለአቪዬሽን ትምህርት አዋሉት። ስብስቡም በ1963 ለሕዝብ ተከፈተ።

ወርክሾፑ የሟቹን ልማድ ሳይለቅ ቀጠለ። በ1955 ኮቨንትሪ ውስጥ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ጣሪያ ተሰቅሎ የተገኘው ኤስ.ኢ. 5ኤ ተዋጊ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሰማይ ላይ በጭስ የማስታወቂያ ጽሕፈት እንዲጽፍ ተለውጦ ስለነበር ብዙ ክፍሉ እንደቀድሞው አልነበረም። ታድሶ በ1959 ቢበርም ለብዙ ዓመታት የሌላ አውሮፕላን ቁጥር ተቀብቶበት ኖረ። ትክክለኛው የጦር ቁጥሩ ኤፍ 904 መሆኑና ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር 10 ቀን 1918፣ የጀርመን ፎከር የጣለው እርሱ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

የዳቩም ነገር በዚያ አላበቃም። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ አንድ የዳቭ ቅጂ ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ዳቩ ወደ ፓፕ በተለወጠበት በዚያው በኦልድ ዋርደን ሜዳ በረረ።