ከልብስ አጣቢዎች የተማሩት ሳይንቲስት



የመመረቂያ ጥናት ሲደርስ በየዶርሙ የሚበዛው ወሬ አንድ ነው፦ ጥናቴ ይታተምልኛል ወይ? ከታተመስ ስንት ተመራማሪ ይጠቅሰዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ዕውቀቱ ማንን ይጠቅማል? በዚህ ዕትም የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት የምናነሣው ለዚህ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክትሬት ተምረዋል። የሙያቸው ትኩረት ቢልሃርዚያ ነበር። የበሽታው ትል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ አድጎ ይወጣና ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር በሽታውን ለመግታት አንዱ መንገድ ነው።

በ1964 አድዋ አካባቢ ጅረት ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዚያ ውኃ ስንቱ አልፎ ሄዷል! እርሳቸው ግን ቆመው አስተነተኑ።

በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ቀጥሎ ጉዳዩ ወደ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ገባ። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር ሠርተው ገዳዩን ንጥረ ነገር ከፍሬው ለዩት። ሳፖኒን ከሚባሉት፣ በውኃ ሲመቱ አረፋ ከሚያወጡ ውሁዶች ወገን ነው፤ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በቢልሃርዚያ የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ።

ይህን ያህል ውጤት ይዘው በዓለም አቀፍ መድረክ የገጠማቸው ግን ጥርጣሬ ነበር። ምርመራው በውጭ ቤተ ሙከራ እንደገና ይሠራ፣ የደኅንነት ማስረጃው አልበቃም እየተባለ ዓመታት አለፉ። የምርመራው ወጪ ደግሞ ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ እንቅፋቱ የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ከአፍሪካ የሚወጣ ሳይንስ የሚታይበት ዓይን ጭምር መሆኑን ተገነዘቡ። ቢሆንም በምሬት አልተቀመጡም፤ የተጠየቀውን ምርመራ ለማሟላት ደከሙ። በ1989 ከእንዶድ ተመራማሪው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ቆይቶም በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎለ ለበስ እንስሳትን ለማጥፋት እንዶድ ተሞከረ። የአድዋ ሴቶች ዕውቀት ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ግን እንደተመኙት በየወንዙ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ዛሬ በሽታውን ለመከላከል በዋናነት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቢልሃርዚያ በወላይታም አለ፤ ስሙን ከወላይትኛ የወሰደው የጌሺያሮ ፕሮጀክት እዚሁ ዞን የተጀመረው ይህንንና የአንጀት ትላትልን ለመግታት ነው። ከሶዶ ወጣ ብለን ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶችን ስናይ፣ ከእነርሱ የምንጠይቀውና የምንማረው ነገር እንዳለ እናስብ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበር እናውቃለን። ጥናታችን በብዙዎች ቢጠቀስ አልሐምዱሊላህ፤ አንድን ሕፃን ከበሽታ ቢያድን ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አላህ ለጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን!