የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና የአንድ የፍቅር ታሪክ አሠራር

ወደ ምሥራቅ ጎጃም ያልሄደ አንባቢ ካርታውን ቢዘረጋ መርጡለ ማርያምን፣ ደብረ ወርቅንና ዲማ ጊዮርጊስን በአንድ አካባቢ ያገኛቸዋል። ሦስቱም ጥንታውያን አድባራት ናቸው። በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሠሩት የቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ከነቅርጹ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ደብረ ወርቅና ዲማም በጉባኤ ቤታቸው የታወቁ ናቸው። እኛ ያገሩ ልጆች ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ እያየን ስላደግን፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህን ያወቅነው መጽሐፉን ሳንከፍት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ያገር ፍቅር ብቻ አይደለም። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የፍቅር ፊልም አይተው ሲመለሱ የሚያደርጉትን ክርክር ስንሰማ፣ የፊልሙን አካሄድ በጣታቸው እየቆጠሩ ይናገሩታል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ እንቅፋት ይመጣል፣ ይለያያሉ፣ በመጨረሻ ወይ ይተቃቀፋሉ ወይ ይሞታሉ። ከዚያም የኛ ደራስያን እንዲህ ያለ የታሪክ አሠራር የላቸውም ሲሉ ይደመድማሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። አሠራሩ አለ፤ ነገር ግን የሠራውን ሰው ሕይወት ሳያውቁ አሠራሩን ማየት ያስቸግራል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። የካህን ልጅ ወዴት እንደሚላክ ያገራችን ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተዘዋውረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። በዚያው ቢቀጥሉ ኖሮ ምናልባት አንድ የቅኔ መምህር ሆነው፣ ስማቸው በተማሪዎቻቸው አፍ ብቻ ተጠርቶ ይቀር ነበር። እርሳቸው ግን አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ፤ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉም ስለ ሐበሻና ስለ ኋላ ቀርነት ጋብቻ ተውኔት ጻፉ። ጋብቻን የአንድ አገር ችግር መግለጫ ማድረግ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በልባቸው ነበረ ማለት ነው።

ጠላት በወረረን ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። በ1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ሲማረኩ አብረው ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ቈዩ። ነፃ የወጡት የተባበሩት ኃይሎች ኢጣልያ ሲገቡ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሹመት ዝርዝር እዚህ አናበዛውም፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተን የሌጋሲዮን ባልደረባ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላንና የልማት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ለነገራችን የሚጠቅመው ይህ ሁሉ ሹመት ሳያግዳቸው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማሳተማቸው ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ኂሩት አባቷ ማን ነው?» ለሕዝብ ታይቶ ነበር። የፊልሙ አርእስት ራሱ ትውልድን የሚጠይቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ያ ዘመን ሰውን ከመውደድ በፊት የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ የቀረበት ዘመን አልነበረም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ብዙዎቻችን ታሪኩ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው ብለን የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ቶሎ ቶሎ እናልፋቸዋለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ደራሲው የሚከፍቱት በሌላ የፍቅር ታሪክ፣ በወላጆቹ ነውና። በማንኩሳ የምትኖረው ውድነሽ በጣሙ በቤቷ ያገለግል የነበረውን ቦጋለ መብራቱን ታገባለች። የእመቤትና የሠራተኛ ጋብቻ ነው፤ ሆኖም በዚያች ትንሽ መንደር ጥቂት ከታማ በኋላ ይጸናል፤ ልጅም ይወለዳል። ወላጆቹ የተሻገሩትን አጥር ልጃቸው በኋላ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ ሊሻገር ይሞክርና ይወድቃል። ፊተኛው ጋብቻ ባይኖር የኋለኛው መከራ የዕድል ነገር ይመስለን ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ግን ልዩነቱ ከሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን ከቤቱ ከፍታ እንደ መጣ እንረዳለን።

ልጁ በሕፃንነቱ ይታመማል። ወላጆቹም ከዳነ ለእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን፣ ዓለማዊ ጋብቻ እንዳያገባ ይሳላሉ። እዚህ ላይ ነው የታሪኩ የመጀመሪያ ቁልፍ የሚቆለፈው። ፍቅረኛው ገና ፍቅር ሳያውቅ፣ በሚወዱት ሰዎች እጅ፣ ከበጎ ሐሳብ የተነሣ ተቆለፈበት። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ተንከራትቶ ዲማ ሲደርስና የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ለማስተማር ወደ ታላቁ ቤት ሲገባ፣ ሁለተኛው ቁልፍ በበሩ ላይ ይጠብቀዋል። ፊታውራሪ መሸሻ አጥንታቸውን የሚመጥን አማች ጠፍቶባቸው ልጃቸውን ሳይድሩ ያቆዩ አባት ናቸው። አንዱ ቁልፍ በውስጥ ነው፣ አንዱ በውጭ።

አንባቢያችን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ጁሊየት» ያስታውስ እንደ ሆነ፣ በዚያ ያሉት ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው፤ የሚለያያቸው ጠብ ስለሆነ በዕርቅ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ በመጨረሻም ታርቀዋል። የፊታውራሪ መሸሻ ቤትና የማንኩሳው ጎጆ ግን አልተጣሉም። ያልተጣላን ሰው ማን ያስታርቃል? ስለዚህ ደራሲው ሽማግሌ ልከው ታሪኩን ሊጨርሱት አይችሉም ነበር። ቤቱ ራሱ መናድ አለበት። ለዚህም ሲሉ ከፍቅሩ ጎን ሌላ ታሪክ ያስኬዳሉ፤ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት አዲሱን ግብር አንከፍልም ብሎ ይነሣል፤ ሊቀጡት የዘመቱትን ፊታውራሪም ይማርካቸዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ክፍል ከፍቅሩ ጋር የማይገናኝ ትርፍ ነገር ነው ይሉታል። እኛ እንዲያውም ማገሩ ይህ ነው እንላለን። ፊታውራሪ በባላገሩ ፊት ሲዋረዱ፣ በልጃቸው አንገት ላይ የጫኑት የአጥንት ኩራት ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ይገለጣል።

በመካከል ጉዱ ካሣ አለ። የመኳንንቱ ዘመድ ሆኖ መኳንንቱን የሚነቅፍ፣ እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው ነው። ተማሪ ሁሉ የጉዱ ካሣ ልጅ ነኝ ማለት ይወዳል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ የተሰጠውን ሥራ እንመልከት፤ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይናገራል፣ ፍቅረኞቹንም ይረዳል፤ ሥርዓቱን ግን አንዲት ጋት አያነቃንቀውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸውን ለሁለት ከፍለው ጻፉ ብለን እናምናለን። ከዲማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሸሸው የቅኔ ተማሪ እርሳቸው ናቸው፤ ከባለ ሥልጣኖች መካከል ቆሞ ባለ ሥልጣኖችን የሚወቅሰውም እርሳቸው ናቸው። የሚነቅፉትን መንግሥት በሚኒስትርነት ማገልገላቸውን የሚወቅሱ አሉ። ወቀሳው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም መጽሐፉን የጻፈው ከሹመት የራቀ ሰው ቢሆን ኖሮ የፊታውራሪ መሸሻን አዳራሽ ከውስጥ ሆኖ ሊያሳየን ይችል ነበር ብለን አንገምትም።

ወደ መጨረሻው ስንመጣ፣ በዛብህ አዲስ አበባ ነው፣ ሰብለ ዲማ ናት፤ በመካከላቸው አባይ አለ። እርሷ ከቤቷ አምልጣ፣ ልብሷን ለውጣ ወደ እርሱ ትነሣለች፤ እርሱም ወደ እርሷ ይነሣል። ተራ የፊልም ጸሐፊ በዚህ ቦታ ድልድይ ላይ ያገናኛቸው ነበር። ሐዲስ ግን በዛብህን በመንገድ በወንበዴዎች አስመቱት፤ ሰብለ የምትደርሰውም ለመሞት ሲያጣጥር ነው። እርሷ ትመነኩሳለች፤ ጉዱ ካሣም ይከተላል፤ ሦስቱም በመቃብር ይገናኛሉ።

ወንበዴው ድንገት የመጣ ነው፣ አሠራሩን ያበላሸዋል የሚል ክርክር ሰምተናል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ቁልፍ እናስታውሳለን። የፊታውራሪ በር ተሰብሯል፤ ሰብለ ወጥታለች። የስለቱ ቁልፍ ግን አልተከፈተም። በዛብህ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነበር፤ በሞቱም ሰብለን ምንኵስና ውስጥ አስገባት፤ ስለቱ በሁለቱም ላይ ደረሰ። ደራሲው ስለቱን ትክክል ነው ብለው አልፈረዱም፤ አፍርሰውም አልጣሉትም። የካህን ልጅ ሆኖ በደብረ ወርቅና በዲማ ያደገ ሰው ይህን ቁልፍ በቀላሉ እንዲሰብረው መጠበቅ ይከብዳል። እርሳቸው ያን መንገድ በሕይወት ተሻግረውታል፤ ገጸ ባሕርያቸውን ግን አላሻገሩትም።

በ1966 ዓ.ም. ሥርዓቱ በእውነት ሲወድቅ፣ ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን እንዲቀበሉ ጠየቃቸው፤ አልተቀበሉም። በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ስለሚያስፈልገው አስተዳደር መጽሐፍ አሳትመዋል። ኋላም «ወንጀለኛው ዳኛ»ንና «የልም እዣት»ን ጻፉ፤ «ትዝታ»ንም አስከተሉ። ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ግን የሚያውቃቸው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ በተተረከው በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ታሪኩ በቅርብ ዓመታት በተከታታይ ድራማ ለቴሌቪዥን ተሠርቷል። አይተው ለሚከራከሩ ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ እንተዋለን፤ ከሁለቱ ቁልፎች ስለቱን አውጥቶ የአባትን ኩራት ብቻ ያስቀረ ሠሪ ቢኖር፣ ወንበዴውን በምን ምክንያት ያመጣዋል? መልስ ያለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።