መቅደላ ድረስ ድንጋይ እያየ የሄደው ሰው
ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ (1832-1905)

በዚህች የዲፓርትመንታችን መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የደራሲያን፣ የአርበኞችና የጋዜጠኞች የሕይወት ታሪክ ይወጣል። እኔ የመረጥኩት ግን አንድ የድንጋይ ሰው ነው። ጂኦሎጂ የሚማሩ ጓደኞቻችሁን ብትጠይቁ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ ባዛልት የሚሉ ስሞችን ይዘረዝሩላችኋል። እነዚህን ስሞች በሳይንስ መጽሐፍ ያሰፈራቸው እንግሊዛዊው ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። የመጣው ደግሞ ከማን ጋር መሰላችሁ? አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብላንፎርድ ኦክቶበር 7 ቀን 1832 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በብራይተንና በፓሪስ ተማረ። ቤተሰቡ ያሰበለት ንግድ ስለነበር ሁለት ዓመት ያህል ቺቪታቬኪያ በምትባል የኢጣሊያ ወደብ በአንድ የንግድ ቤት ሠራ። ንግዱ አልያዘውም መሰለኝ፣ ተመልሶ ለንደን ከሚገኘው የንጉሣዊ ማዕድን ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም ጀርመን አገር ፍራይበርግ በሚገኘው ስመ ጥር የማዕድን ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ቆየ። በ1854 ከታናሽ ወንድሙ ከሄንሪ ጋር በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሄንሪ በኋላ ስሙ የታወቀው በአየር ጠባይ ጥናት ነው።

ሕንድ እንደደረሱ የተሰጣቸው ሥራ በኦሪሳ የሚገኘውን የታልቺር የድንጋይ ከሰል ቦታ ማጥናት ነበር። እዚያም ከከሰሉ ሥር ትልልቅ ድንጋይ በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አገኙ። ወንዝ ቢሆን ኖሮ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። እነሱም ይህን ያመጣው በረዶ ነው አሉ። ሙቀቱ ሰው በሚያቃጥል አገር ቆሞ እዚህ በረዶ ነበር ማለት ድፍረት ይጠይቃል። አባባላቸው ወዲያው ተቀባይነት ባያገኝም በኋላ ትክክል መሆኑ ታወቀ።

ለእኛ ታሪክ የሚበጀው ግን በምዕራብ ሕንድ ያየው ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚያ የደከን ትራፕ የሚባል፣ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ ንብርብር የሠራ ባዛልት አለ። ትራፕ የሚለው ቃል የመጣው በስዊድን ቋንቋ ደረጃ ከሚለው ቃል ነው። ተራራው ከሩቅ ሲታይ የቤት ደረጃ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ደብረ ሲናን ወርዶ ወደ ይፋት የተጓዘ ሰው ይህን ስም ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልገውም።

በ1867 እንግሊዝ በመቅደላ የታሰሩትን ሰዎቿን ለማስፈታት ጦር ስታዘምት፣ ከሕንድ መሥሪያ ቤቱ ብላንፎርድ ጂኦሎጂስት ሆኖ ተመደበ። በዘመቻው ጂኦግራፊ የያዘው ክሌመንትስ ማርካም፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ፣ እንዲሁም ጋዜጠኞች ነበሩበት። ከጋዜጠኞቹ አንዱ ለኒውዮርክ ሄራልድ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ስታንሊ ነው። ስታንሊ የመቅደላን ወሬ ከስዌዝ በቴሌግራም ልኮ ከሁሉም ቀደመ፤ ይህን በክፍል ውስጥ ብንማረው ደስ ይለኝ ነበር። ብላንፎርድ በተቃራኒው መጽሐፉን ያወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1870 ነው። እናላችሁ የስታንሊ ዜና በሳምንቱ አረጀ፣ የብላንፎርድ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከሁለቱ ማን የተሻለ ዘጋቢ ነበር የሚለውን ለመምህራኖቻችን እተወዋለሁ።

ጦሩ 44 ዝሆኖችን ጨምሮ በዛሬዋ ኤርትራ በዙላ በኩል ወረደ። ወታደሩ መንገድ ሲጠርግ ብላንፎርድ በመንገዱ ዳር የሚታየውን ድንጋይ ያነብ ነበር። ከባሕሩ ወደ ሰንዓፈ ሲወጣ ጥንታዊውን፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠውን ድንጋይ አገኘ። አዲግራት ሲደርስ በዚያ ላይ አሸዋ ድንጋይ ተጭኖ አየ። አንታሎ ላይ የባሕር ቅሪቶችን የያዘ ኖራ ድንጋይ መጣ፤ አገሩ አንድ ዘመን ባሕር ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ መቅደላ ያለው አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ይህንንም ጥቁር ድንጋይ ዝም ብሎ ባዛልት ብሎ አላለፈውም። ለሁለት ከፈለው። የታችኛውን በአሸንጌ ሐይቅ ስም፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠራው። የአሸንጌው የለሰለሰና የተበላሸ፣ ጋዝ የተወው ቀዳዳ ሁሉ በሌላ ማዕድን የተሞላ ነው። የመቅደላው ጥቁሩ ድንጋይ ትራካይት ከሚባል ፈካ ያለ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ይነባበራል። የላይኛው ከመምጣቱ በፊት የታችኛው ዘንበል ብሎና ተሸርሽሮ እንደነበርም አስተዋለ። ይህን ሁሉ ያየው ከሚራመድ ጦር ጋር እየሄደ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ አፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ሳይሰጡ ሞቱ። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ብላንፎርድ ዘራፊ ነበር የምል አይደለሁም፤ ነገር ግን ድንጋያችንን ያነበበው በዚያ ጦር ስንቅና ጥበቃ ነው። መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው፤ የጉዞው ትረካ፣ ጂኦሎጂውና እንስሳቱ። ብዙ የተጠቀሰው የመጀመሪያው አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ዛሬ ልመለስ። ከፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር በታች ማስቀመጥ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የዓለምን ዓይን ወደ ባዛልት መልሷል። ባዛልት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት አለው። ጋዙ በውሃ ሟሙቶ ሲገባ ውሃው ኮምጣጣ ይሆንና ድንጋዩን ይበላል፤ የተፈቱት ማዕድናት ደግሞ ከጋዙ ጋር ተጣምረው ነጭ የኖራ ማዕድን ይሆናሉ። በአይስላንድ ካርብፊክስ የተባለው ሥራ በ2012 ጋዝ ጨምሮ፣ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ 95 በመቶው ወደ ድንጋይ መለወጡ በ2016 ታውቋል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ዋሉላ በምትባል ቦታም በ2013 ወደ 1000 ቶን ገደማ ወደ ባዛልት ገብቷል።

ታዲያ የኛስ? ሰሜንና መካከለኛው ከፍታችን አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ግን ጥቁር ስለሆነ ብቻ ይይዛል ማለት አይደለም። ገምጋሚው የሚጠይቀው ቀዳዳ አለው ወይ፣ ቀዳዳዎቹስ ይገናኛሉ ወይ፣ ከላይ የሚከድነው ጠጣር ንብርብር አለ ወይ ብሎ ነው። የብላንፎርድ የአሸንጌ ድንጋይ ቀዳዳው በማዕድን ከተሞላ፣ ቤቱ ቀድሞ ተከራይቷል ማለት ነው። ያ ሰው ስለ ጋዝ ማስቀመጥ ሳያስብ በ1870 የጻፈው ነገር ዛሬ ለገምጋሚ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ይሄ ነው እኔን የገረመኝ።

ብላንፎርድ ይፋትን አልረገጠም። እኔ ግን ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ስለሆነ ጥያቄውን ወደዚያ ማውረዴ አይቀርም። ከጣርማበር ቁልቁል ያለው ገደል የዚያው ባዛልት ቅጥያ ነው፤ ጣርማበር ራሷ ለአንዱ የላይኛ ባዛልት ስሟን ሰጥታለች። ዳሩ ግን የይፋት ደረጃ የተሰባበረ ነው። ምድሩ ወደ አፋር እየሰመጠ በስንጥቅ በስንጥቅ ተቆራርጧል። በ1961፣ ማለትም በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ፣ የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟታል። ስንጥቅ ጋዙን መልሶ ሊያወጣ ይችላል፤ በግፊት የሚገባ ውሃም ስንጥቅን ሊነካካ ይችላል። ሌላው ነገር ውሃ ነው። የአይስላንዱ ዘዴ ለአንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ገደማ ውሃ ይፈልጋል። በሮቢና በጀውሃ ወንዝ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ ይህን ቁጥር ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። በበኩሌ ማንም ገምጋሚ መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ውሃው ነው እላለሁ፤ ጠያቂዎቹም እኛ ዘጋቢዎች ነን።

ወደ ሰውየው። ጦሩ ከተመለሰ በኋላ በ1868 ክረምት ወደ አንሰባ ወጥቶ እንስሳት ሰበሰበ። በስሙ የተጠራች አንዲት ትንሽ ወፍ ዛሬም በኢትዮጵያና በኤርትራ ትገኛለች። በ1871 እና 1872 በፋርስ ድንበር አካላይ ቡድን ውስጥ ሠራ። በ1879 ከሜድሊኮት ጋር የሕንድን ጂኦሎጂ መጽሐፍ አወጣ። በ1882 ጡረታ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት አገባ፤ በዚያው ዓመት የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ወላስተን የተባለውን ከፍተኛ ሜዳሊያውን ሰጠው። ጡረታ ግን ዕረፍት አልሆነለትም። የሕንድን እንስሳት ታሪክ የሚዘረዝር ትልቅ ተከታታይ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ፤ የአጥቢዎቹን ክፍል ራሱ ጻፈ፣ ወደ ወፎቹም ገባ። ጁን 23 ቀን 1905 ለንደን ውስጥ ሲሞት በእጁ የነበረው ሥራ ስለ ቀንድ አውጣዎች ነበር። ያን መጽሐፍ ጎድዊን-ኦስተን የተባለው ባልደረባው ጨርሶ በ1908 አሳተመው።