በሮኬት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሐኪም

ዛሬ የማቀርብላችሁ የዶክተር ጆን ፖል ስታፕን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስታፕ በ1910 በብራዚል ተወለዱ። ወላጆቻቸው አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ነበሩ። ወጣት ሳሉ አንድ የዘመዳቸው ሕፃን በእሳት ተቃጥሎ ስለሞተ ሐኪም ለመሆን ወሰኑ። በኋላም የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ሆኑ።

በዚያን ጊዜ አውሮፕላን ሲከሰከስ ሰው ከ18 ጂ በላይ ከደረሰበት አይተርፍም ተብሎ ይታመን ነበር። ጂ ማለት ምን መሰላችሁ? 1 ጂ የራሳችን ክብደት ነው። 18 ጂ ደግሞ የክብደታችን 18 እጥፍ! የአብራሪዎች ወንበርም የሚሠራው ይህንኑ ብቻ እንዲችል ነበር። ስለዚህ ሰውየው ቢተርፍ እንኳ ወንበሩ ተነቅሎ ይገድለዋል ማለት ነው። ስታፕ ይህን አልተቀበሉም። ከ1947 ጀምሮ በሀዲድ ላይ በሮኬት የሚወነጨፍ ወንበር አሠርተው መጀመሪያ አሻንጉሊት፣ ቀጥሎ ራሳቸውን አስረው ሞከሩ። የእጅ አንጓቸው ተሰበረ፣ የጎድን አጥንታቸው ተሰነጠቀ፣ የጥርሳቸው ሙሌት ወለቀ። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን አቆም ነበር።

ትልቁ ሙከራ ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በኒው ሜክሲኮ በረሃ ተደረገ። ስታፕ ዐይኔ ሊጠፋ ይችላል ብለው ስለሰጉ ቀደም ብለው በጨለማ ልብስ መልበስ ተለማምደው ነበር። 9 ሮኬቶች ተለኮሱና ወንበሩ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር በረረ። ከዚያ በ1.4 ሴኮንድ ውስጥ ቀጥ አለ! ያረፈባቸው ኃይል 46.2 ጂ ነበር። እኔ 38 ኪሎ ነኝ፤ ለእኔ ቢሆን ወደ 1,750 ኪሎ ይሆናል። ሲያወርዷቸው ዐይናቸው ደም ሞልቶት ምንም አይታያቸውም። ደግነቱ ብርሃናቸው ቆይቶ ተመለሰ።

ለምን ተረፉ? ወንበሩ ጠንካራ ነው፣ ቀበቶውም ትከሻና ወገባቸውን አጥብቆ ይዟቸዋል። ያልታሰረ ሰው ግን መኪናው ሲቆም እሱ ወደፊት ይቀጥላል፣ ሳይንስ ላይ የተማርነው ኢነርሺያ ማለት ነው። (በእኛ ሚኒባሶች ቀበቶ የሚያስሩት ጋቢና ያሉት ናቸው፤ እነሱም ትራፊክ ሲያዩ!)

ስታፕ የአየር ኃይሉ ሰዎች በመኪና አደጋም በብዛት እንደሚሞቱ ሲያዩ መኪና እያጋጩ ማጥናት ጀመሩ። መኪኖች ቀበቶ እንዲኖራቸው ዓመታት ተከራከሩ። በ1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደህንነት ሕጉን ሲፈርሙ ስታፕ እዚያው ነበሩ።

ያን ሁሉ ጊዜ በሮኬት ተወንጭፈው፣ በ1999 በ89 ዓመታቸው በቤታቸው በሰላም አረፉ።