ሮናልድ ሮስና የትንኝ ሒሳብ
የሮናልድ ሮስ ስም ሲነሳ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው የኖቤል ሽልማቱን ነው። እኔን ግን የሳበኝ ሒሳቡ ነው። በ1857 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ የተወለደው ይህ ብሪታንያዊ ሐኪም፣ በ1897 የወባን ተሕዋስ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ በ1902ም ተሸለመ።

ታዲያ ሰዎች ትንኝን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም ብለው ተከራከሩት። እሱም በ1908 ስለ ሞሪሸስ ባቀረበው ዘገባ በቀመር መለሰላቸው። የትንኞች ብዛት ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ፣ አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ለአንድ ሰው እንኳ አያስተላልፍም፤ ወባው እየከሰመ ይሄዳል።

ሮስ የወረርሽኝ ጥናት ያለ ሒሳብ አይሆንም እንዳለ በ1932 አረፈ። ዛሬ የጤና ሠራተኞች ወረርሽኝ መተንበይ ሲሰለጥኑ የሚማሩት ስሌት ከዚያ የቀጠለ ነው። እኛ ጋዜጠኞች ግን አሁንም የምንጠይቀው ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሞተ ብለን ነው። ምን ያህል ቢቀንስ ይበቃል ብለንም መጠየቅ አለብን።