የዌላንድ ቦይ ጠንሳሽ

ዊልያም ሃሚልተን ሜሪት እ.ኤ.አ. በ1793 በኒውዮርክ ግዛት ተወልዶ በካናዳ፣ በናያጋራ አካባቢ አደገ። በ1812ቱ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦርነት በፈረሰኛነት ተሰልፎ ተማረከ፤ ሰላም ሲወርድም ወደ ንግድና ወደ ወፍጮ ሥራ ገባ። በትምህርት መሐንዲስ አልነበረም። ወፍጮውን የሚያዞረው ጅረት ውሃ ባነሰ ቁጥር ሥራው ይስተጓጎል ነበርና፣ ከዌላንድ ወንዝ ውሃ ጠልፎ ለማምጣት አሰበ። ይህ የባለወፍጮ ሐሳብ እየሰፋ ሄዶ የኢሪንና የኦንታሪዮን ሐይቆች የሚያገናኝ የመርከብ መንገድ ሆነ። የሐይቆቹ የከፍታ ልዩነት ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፤ የዚህ ግማሽ ያህሉ የናያጋራ ፏፏቴ ነው። ኩባንያው በ1824 ተቋቋመ። ሜሪት ገንዘብ ፍለጋ እስከ ለንደን ከተንከራተተ በኋላ፣ በ1829 ሁለት መርከቦች በእንጨት በተሠሩ ባለመዝጊያ ገንዳዎች ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ ፏፏቴውን ዞረው ወጡ። እርሱም በ1862 አረፈ።

ፏፏቴው ግን ለመርከብ እንቅፋት እንደ ነበረ ሁሉ ለዓሣም ግንብ ነበር። ይህ በቦዩ ሂሳብ ውስጥ አልገባም። በኦንታሪዮ ሐይቅ የነበረው ላምፕሬይ፣ መንጋጋ የሌለውና ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ እባብ መሳይ ፍጥረት፣ በ1921 በኢሪ ሐይቅ ታየ። ቦዩ ለአራተኛ ጊዜ ተሠርቶ የተከፈተው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ ነው። ሜሪትን አለማወቁ ይቅር ያሰኘዋል፤ ለኋለኞቹ ግን ይኸው ምክንያት አይበቃም። በ1938 ላምፕሬይ ሱፒሪየር ሐይቅ ደርሶ ነበር። ከመጠን ያለፈ ማስገር ተጨምሮበት፣ የሚቺጋንና የሂውረን ሐይቆች ትራውት ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ በእርሱ ይተዳደር የነበረው አሥጋሪም ጀልባውን አቆመ። ካናዳና አሜሪካ በ1955 የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ከ1958 ጀምሮ የላምፕሬይ እጮች በሚያድጉባቸው ጅረቶች እነርሱን ለይቶ የሚገድል መርዝ ይጨመራል። ሥራው ዛሬም አላበቃም።